«1.5» የሚለው የፍሎራይድ ቁጥር ምን ይነግረናል?

አዳማና ወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ያስመረመረ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ውጤቱ ከፍ ብሏል፣ ብናፈላው ይወርዳል?» አይወርድም፤ እንዲያውም ይብሳል።

ፍሎራይድ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝ፣ ሲበዛ ጥርስን የሚያበልዝ ማዕድን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠለት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቁጥሩ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን እንጂ በቀን የምትጠጡትን አይናገርም።

እንግዲህ ውጤቱ 2 የሆነ ውሃ 3 ሊትር ጣዱ። በድምሩ 6 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለበት። ፈልቶ 1 ሊትሩ ቢተን፣ በቀረው 2 ሊትር ውስጥ ያው 6 ሚሊግራም ነው፤ በሊትር 3 ሆነ ማለት ነው። ማፍላትም ክሎሪንም ጀርም ይገድላሉ፣ ፍሎራይድን ግን አይነኩም። ከተቃጠለ የእንስሳ አጥንት የሚሠራው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ይይዘዋል፤ ከጠገበ በኋላ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ጣዕሙ ስለማይለወጥ ደግሞ ያለ ምርመራ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ የትም አይለወጥም። የሚለያየው ጉድጓዱ ነው፤ የጎረቤት ውጤት ለእናንተ አይሠራም። ናሙና ስትወስዱ ንጹህ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቁ። የመስታወት ጠርሙስ ይቅር።

ጥርስ የሚበልዘው ገና ከድድ ሥር እየተሠራ ሳለ ስለሆነ፣ የተሻለው ውሃ አስቀድሞ ለሕፃናት ይሁን።