ቀስት፣ አጋሰስና የመስከረም ተራራ፦ በቦብ ማርሻል ዱር የሚካሄደው የኤልክ አደን

በአሜሪካ ምዕራብ፣ ሮኪ ተራሮች ላይ፣ ነሐሴ ሲያልቅ የሚጀመር የቆየ ልማድ አለ። ወዳጅ ዘመድ ይሰባሰባል። ፈረስና በቅሎ ይጫናል። መኪና ወደማይደርስበት ጫካ ይገባል። የሚታደነው ኤልክ የሚባል ግዙፍ የዋላ ዘር ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ቀስት። ልማዱ በአይዳሆም፣ በዋዮሚንግም፣ በኮሎራዶም አለ። እኔ ግን ሞንታና ያለውን የቦብ ማርሻል ዱር መርጫለሁ፤ የአጋሰስ ጉዞ ይህን ያህል ሥር የሰደደበት ቦታ ብዙ አይደለም።

አጋሰስ የሚለው ቃል ለከተማ ልጅ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ጭነት የሚጫን ፈረስ ማለት ነው። የእኛ ሲራራ ነጋዴዎች አገር ያቋረጡት በአጋሰስ፣ በበቅሎና በአህያ ነበር። ሞንታና ውስጥ ይህ ሙያ ዛሬም እንጀራ ነው። እንዲኖር ያደረገው ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሴፕቴምበር 3 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የዱር ጥበቃ ሕግ በእነዚህ ቦታዎች ሞተር ያለው ነገር እንዳይገባ ከለከለ። ብስክሌት እንኳ አይፈቀድም። መንገድ ላይ የወደቀ ግንድ የሚቆረጠው በሁለት ሰው በሚሳብ የእጅ መጋዝ ነው። ስለዚህ ሰው የሚገባው በእግሩ ወይም በከብት ጀርባ ነው።

ቦታው ስፋቱ ከ400 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። አጎራባቾቹ የስኬፕጎትና የግሬት ቤር ዱሮች ሲጨመሩ 600 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሆናል። በመካከሉ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የኖራ ድንጋይ ገደል እንደ ግንብ ተዘርግቷል፤ የቻይና ግንብ ይሉታል። ዱሩ ስሙን የወሰደው ከደን ባለሙያው ከቦብ ማርሻል ነው። ማርሻል በአንድ ቀን 50 ኪሎ ሜትር መራመድ የማይከብደው ሰው ነበር። በ1935 የዱር ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1939 ሲሞት ገና 38 ዓመቱ ነበር። ከእሱ እጅግ ቀደም ብሎ ግን ሳሊሽና ብላክፊትን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች በእነዚህ ተራሮች ሲመላለሱና ሲያድኑ ኖረዋል። የአደን ጎዳና የሚባሉት ብዙዎቹ ዱካዎች የእነሱ ናቸው ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስለኛል።

የሞንታና የቀስት ወቅት የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ በእኛ ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜን መግቢያ ላይ ይውላል። ስድስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ቦብ ማርሻል ውስጥ በሚገኙ አንዳንድ የአደን ወረዳዎች ግን ጠመንጃ የሚፈቀደው ከሴፕቴምበር 15 ጀምሮ ነው፤ መስከረም 5 መሆኑ ነው። ለብቻው የቀስት የሆነው ጊዜ እዚያ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ለዚህ ነው ሰዎቹ ዓመቱን ሙሉ ተዘጋጅተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሮጡት።

ሌላው ምክንያት ድምፅ ነው። መስከረም የኤልክ የፍትወት ወቅት ነው። ወንዱ ሴቶቹን ይሰበስባል፤ ተቀናቃኙን በጩኸት ይገዳደራል። ጩኸቱ ከጉሮሮ ዝቅ ብሎ ይነሳና ወደ ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ከዚያ በአጫጭር ጉርምርምታ ያበቃል። ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ያወጣል ብሎ የሚገምት የለም። አዳኞቹ የሴቷንም የወንዱንም ድምፅ በፊሽካና በቱቦ ያስመስላሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጓደኛ ከኋላ ሆኖ ይጣራል፤ ቀስት የያዘው ከፊት አድፍጦ ይጠብቃል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። መተማመን ይፈልጋል።

ቀስቱ በአብዛኛው ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ኮምፓውንድ ቀስት ነው። ሆለስ ዊልበር አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቆበት በ1969 ተሰጠው። አውታሩ እስከ መጨረሻው ሲሳብ መዘውሮቹ ክብደቱን ይቀንሱታል። ስለዚህ አዳኙ ሳይንቀጠቀጥ ማነጣጠር ይችላል። እንዲያም ሆኖ ጠንቃቃ አዳኝ የሚተኩሰው ከ20 እስከ 40 ሜትር ባለው ርቀት ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት በኃይል መትቶ አይጥልም። ስለታም ጫፉ ሳንባንና ልብን ቆርጦ በማድማት ነው የሚገድለው። ቦታውን ከሳተ እንስሳው ቆስሎ ይሰቃያል። እዚህ ላይ ቸልተኝነት ይቅርታ የለውም።

እስከ 40 ሜትር ለመቅረብ ነፋስን ማወቅ ግድ ነው። ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ፀሐይ ስትሞቅ ሽቅብ ይነሳል። ስለዚህ ጠዋት ከታች፣ ከሰዓት ከላይ መቅረብ ይሻላል። የሰው ጠረን አንዴ ኤልኩ አፍንጫ ከገባ የዚያ ቀን ነገር አለቀ።

ፈረሶቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። እንደኔ እንደኔ የዚህ አደን ልቡ ያለው እዚህ ነው። አንድ አጋሰስ በአማካይ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ይሸከማል። ዋናው ነገር ግን ክብደቱ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። የግራና የቀኙ ጭነት በሚዛን ተመዝኖ እኩል ይደረጋል። አንዱ ጎን ጥቂት ኪሎ እንኳ ከበለጠ ኮርቻው እየተንሸራተተ ጀርባውን ይልጠዋል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ጫካ መሃል ሥራ አይሠራም። በሞንታና የተለመደው ዴከር የሚባል የጭነት ኮርቻ ነው፤ ከላዩ ሁለት የብረት ቅስቶች አሉት። ዕቃው በሸራ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ ከቅስቶቹ ይንጠለጠላል። ኩርታን ላይ በመጫኛ ሲጠፈር ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከብቶቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተቀጣጥለው ይሄዳሉ። የሚያያይዛቸው ገመድ ግን ሆን ተብሎ በቀላሉ እንዲበጠስ የተሠራ ቁራጭ አለው። ገደል አፋፍ ላይ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹን ጎትቶ እንዳይሄድ ነው። በቅሎ ካለ ከፊት ብዙውን ጊዜ ባዝራ ትመራለች፤ በቅሎዎች ባዝራ ይወዳሉ። ማታ ለግጦሽ ሲለቀቁ አንገቷ ላይ ቃጭል ይታሰራል። እሷ ካለች እነሱም አይርቁም። ካምፕ ውስጥ ፈረስን ዛፍ ላይ አስሮ ማሳደር ነውር ነው። ሥሩን በኮቴው ይቆፍረዋል፣ ቅርፊቱን ይልጠዋል። በሁለት ዛፎች መካከል ከፍ ተደርጎ በተወጠረ ገመድ ላይ ያስሩታል። ከውጭ የሚገባው ድርቆሽም የአረም ዘር የሌለበት መሆኑ የተመሰከረለት መሆን አለበት። አንድ ቡድን ከ15 ሰውና ከ35 ከብት መብለጥ አይችልም።

ይህ ሁሉ የሚለካው ኤልኩ ሲወድቅ ነው። ከተኩሱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ልማድ ነው፤ ቶሎ ከተከተሉት ደንግጦ ይርቃል። ከዚያ የደም ዱካ ይፈለጋል። ሲገኝ ደስታው አጭር ነው። የሴፕቴምበር ቀን ሊሞቅ ይችላል፤ ሥጋ ደግሞ አጥንቱ ሥር ሙቀት ከያዘ ይበላሻል። ቶሎ ይገፈፋል፣ ብልቱ ይወጣል፣ አየር በሚያስገባ ከረጢት ተደርጎ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። አንድ ትልቅ ወንድ 100 ኪሎ ያህል ንጹሕ ሥጋ ሊወጣው ይችላል። ሁለት አጋሰስ ይሞላል ማለት ነው። የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ በሞንታና ሕግ ወንጀል ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጫካ ከመግባታቸው በፊት ፈረሶቻቸውን ከደምና ከቆዳ ሽታ ጋር ያለማምዳሉ። ያልለመደ ፈረስ ትኩስ ሥጋ ሲጫንበት ይበረግጋል።

ሥጋው የሚስበው ሌላም አለ። ቦብ ማርሻል የግሪዝሊ ድብ አገር ነው። ድብ ባለበት ቦታ የሚሰጠው ምክር እየተነጋገራችሁ ሂዱ የሚል ነው። የቀስት አዳኝ ግን ድምፁን አጥፍቶ፣ ጠረኑን ደብቆ፣ በንጋትና በምሽት ይሄዳል። አንዳንዴም የኤልክ ድምፅ ያሰማል። አደጋው ግልጽ ነው። ስለዚህ ድብ ማባረሪያ ርጭት ከወገብ አይለይም። ምግብና ሥጋ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከግንዱ 1.2 ሜትር ርቆ ይሰቀላል፤ ወይም ድብ በማይከፍተው ሣጥን ይቀመጣል።

ቤተሰቡ የሚገባው በዚህ ሁሉ መሃል ነው። አያት ጭነት ያስራል፣ እናት ተራራውን በመነጽር ታስሳለች፣ አጎት ምድጃ ባለው የሸራ ድንኳን ውስጥ ያበስላል። ሥራው በዕድሜና በችሎታ እንጂ በጾታ አይከፈልም። ሞንታና 10 ዓመት የሞላው ልጅ ከአዋቂ ጋር በተለማማጅነት እንዲያድን ትፈቅዳለች። የቀስት ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የቀስት አደን ትምህርት ማለፍ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ፈቃድ የነበረው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የሚማሩት መተኮስ አይደለም። ኮቴ ማየት፣ ውኃ ማጠጣት፣ የኮርቻውን መቀነት መፈተሽ ነው።

የጥበቃውን ወጪ በተመለከተ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። በ1937 የወጣ የፌዴራል ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የተጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። በ1972 ቀስትና ፍላጻም ተጨመሩበት። መንገዶቹን የሚያጸዱት ግን ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ1973 እዚያው ሞንታና፣ ፍላትሄድ ሸለቆ የተመሠረተው የባክ ካንትሪ ሆርስመን ማኅበር አባላት በገዛ ፈረሶቻቸው መጋዝና ስንቅ ጭነው እየገቡ የወደቀ ዛፍ ያነሳሉ።

አደኑ ከተሳካ የመልሱ ጉዞ ከመሄጃው ይለያል። አጋሰሶቹ ድንኳኑንና ምድጃውን ጭነዋል። ሥጋው የሚጫንበት ጀርባ ሲጠፋ የሚጋለቡት ፈረሶች ኮርቻ ላይ ይጫናል። ተቀምጠው የገቡት ሰዎች ልጓም ይዘው፣ ከፈረሶቻቸው ፊት ፊት፣ በእግራቸው ይወጣሉ።