ፖይንተር ታጊንግ ቀርፋፋ ነው የምትሉ ሰዎች እስቲ ስሙኝ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የሊስፕ ኢንተርፕሪተር እየጻፈ "ታግ አልጠቀምም፣ ያንቀራፍፋል" አለኝ (ታግ ማለት ፖይንተሩ፣ ማለትም የሜሞሪ አድሬሱ፣ ታችኛዎቹ ቢቶች ላይ የሚጻፍ የታይፕ ምልክት ነው)። በቃ ይሄን ነገር መስማት ሰልችቶኛል።

የሚሉት፣ ታቹ ቢቶች ላይ ታግ ስላለ ሜሞሪ ከመንካትህ በፊት ሁሌ እነሱን ማጥፋት አለብህ፣ በየካሩና በየኩደሩ (የሊስቱን የመጀመሪያና ቀሪውን በምታነብበት ሁሉ) ትርፍ ኢንስትራክሽን ነው። አሴምብሊውን ግን አይታችሁታል? ኤስቢሲኤል (የኮመን ሊስፕ ኮምፓይለር ነው) በ64 ቢት ለሊስት የሚሰጠው ታግ 7 ነው፣ ስለዚህ ካር ማለት ከፖይንተሩ 7 ቀንሶ ማንበብ፣ ኩደር ደግሞ 1 ደምሮ ማንበብ ነው፤ ቅናሹም ድምሩም እዛው ሎድ ኢንስትራክሽኑ ውስጥ ኦፍሴት ሆኖ ይገባል፣ ለብቻው የሚከፈልበት ነገር የለም። "የታይፕ ቼኩስ?" አዎ ቼክ አለ፣ ግን ታይፑን ሄደር (ሜሞሪ ውስጥ ኦብጀክቱ መጀመሪያ ላይ ያለው መግለጫ) ላይ ብታስቀምጠውም ቼኩ አይቀርልህም፣ እንደውም ያኔ ሜሞሪ ድረስ መሄድ አለብህ፣ ታጉ ግን እዚሁ ሬጂስተርህ ውስጥ ነው።

አንድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ኮዱ እንዲያምር ብሎ ታጉን አውጥቶ ታይፕና ዩኒየን ያለው ስትራክት አደረገው። 8 ባይት የነበረችው ቫልዩ በአላይንመንት ምክንያት 16 ሆነች፣ ኮንስ ሴሉ (ካርና ኩደር የያዘው ጥንድ) ከ16 ወደ 32። ከዛ መጥቶ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልግ ሜሞሪ የሚያጸዳው) ምን ነካው ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል!

"3 ቢት ከተወሰደ አድሬስ ይጎድላል" ለሚሉት፣ ኦብጀክቱ በ8 ባይት አላይን ከሆነ (አድሬሱ የ8 ብዜት ከሆነ ማለት ነው) እነዛ ቢቶች ድሮም ዜሮ ናቸው። የሚጠበው ኢንቲጀሩ ነው፦ የድሮው ኢማክስ በ32 ቢት ማሽን ላይ ኢንቲጀሩ 28 ቢት ስለነበር፣ ፋይል ውስጥ ያለውን ቦታም በሱ ስለሚቆጥር ከ128 ሜጋባይት በላይ ፋይል አይከፍትም ነበር።

3 ቢት ማለት 8 ታይፕ ብቻ አይደለም፣ አንዱን ታግ "ቀሪውን ሄደሩ ላይ እይ" ለሚለው ትሰጠዋለህ።

ቁጥር ሁሉ ሂፕ ላይ ነው የሚባለውም ውሸት ነው። ፊክስነም (ትንሹ ኢንቲጀር) ዎርዱ ውስጥ ራሱ ነው ያለው፣ ታጉን ዜሮ ካደረግከው ሁለቱን እንዳሉ ትደምራለህ (ኦቨርፍሎው ማየት አትርሳ)፣ ማባዛት ላይ ግን አንዱን ሺፍት ታደርጋለህ። ደብል ግን ብዙ ጊዜ ሂፕ ላይ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ ቁጥር በኢኪው (ያው ኦብጀክት መሆኑን ብቻ በሚያየው) አታወዳድሩ፣ የቁጥሩን ዋጋ የሚያየው ኢኪውኤል አለላችሁ።

እና ማሎክ አላይን አድርጎ ይሰጠኛል ብላችሁ ስታቲክ ያደረጋችኋቸውን ኦብጀክቶች አትርሱ፣ እነሱ ላይ አላይናስ (የሲ አላይንመንት ማዘዣ) በእጃችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ አንድ ቀን ኒል (ባዶው ሊስት) ፊክስነም መስሎ ይመጣላችኋል።