በድምፆቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ሙዚቃ በምንማማርበት ግሩፕ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሉቺያኖ ቤሪዮ በ1958 እ.ኤ.አ. ለአንድ ፍሉት (ዋሽንት መሰል የትንፋሽ መሣሪያ) ብቻ የጻፈው «ሴኩዌንዛ አንድ» የተለመደው የምት አጻጻፍ፣ ማለትም እያንዳንዱ ድምፅ ስንት ምት እንደሚቆይ የሚነግረው ምልክት፣ የለውም። ታዲያ እንደፈለግን እንንፋው ማለት ነው?

በፍጹም! ሕጉ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ርቀት ጊዜ ነው። ኖታው ላይ እኩል የተራራቁ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ለምሳሌ ከአንዱ ምልክት እስከ ቀጣዩ አንድ ሰከንድ ነው እንበል። በመካከሉ አራት ድምፆች እኩል ተራርቀው ከተጻፉ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰከንድ ይደርሰዋል። አራቱም መጀመሪያው ላይ ከተጠጋጉ ግን ቶሎ ቶሎ ይነፋሉ። የቀረው ጊዜ ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ የመጨረሻው ድምፅ ይያዛል። የትኛው እንደሆነ ኖታው ራሱ ያሳያል።

የድምፆቹ ቅደም ተከተልና ከፍታ አይነካም፤ ይህ ያለቀለት ነው። ከነፊ ነፊ የሚለያየው የእያንዳንዱ ድምፅ ጥቃቅን ርዝማኔ ነው። ዓይን ርቀትን እንደ ማስመሪያ አይለካማ! እኔ የሥራውን ውበት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ኖታ በሁለት ሰዎች ትንፋሽ ሁለት መልክ ይይዛል።

ቤሪዮ ግን ነፊዎች ከልክ በላይ ነጻነት መውሰዳቸው አልተዋጠለትም። በ1992 እ.ኤ.አ. በተለመደው የምት አጻጻፍ ሌላ ቅጂ አወጣ። ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለው የትኛው ቅጂ እንደሆነ እዩ። የ1992ቱ ከሆነ ምቱን እንደማንኛውም ኖታ ቆጥራችሁ ንፉ።