በተሸናፊ አገር ላይ የሚጣል የሰላም ውል ምንድን ነው?

በትልቅ ጦርነት የተረታ መንግሥት ከድል አድራጊዎቹ ጋር የሚፈርመው የሰላም ውል፣ ስሙ ውል ቢሆንም፣ ግዴታው በአብዛኛው በአንድ ወገን ተጽፎ የሚቀርብ ሰነድ ነው። የተኩስ ማቆም ስምምነት ውጊያውን ብቻ ሲገታ፣ የሰላም ውል ግን የጦርነቱን ዕዳ ይወስናል፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ፣ የትኛው መሬት ለማን እንደሚሰጥ፣ የተረታው ጦር በስንት ሰው እንደሚወሰን፣ ካሳው ስንት እንደ ሆነ፣ በወንጀል የሚፈለገው ሰው ለማን ተላልፎ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በጎጃም ገጠር ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ካሳ የሚቆርጡት የገዳይንም የሟችንም ወገን ሰምተው ነው፤ በእንዲህ ያለው ውል ግን ከሳሹም ዳኛውም አሸናፊው ነው። ጀርመን ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. በቬርሳይ የፈረመችው ውል በዚህ ረገድ በብዛት ይጠቀሳል፤ ጦሯ ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ ካሳውም ከሁለት ዓመት በኋላ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ሆኖ ተቆረጠ።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ግን ጣሊያን የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የፈረመችው ውል ነው። ኢትዮጵያ በአክሊሉ ሀብተ ወልድ በተመራ ልዑክ በጉባኤው ተገኝታ ነበር። በውሉ መሠረት ጣሊያን ኤርትራን፣ ሊቢያንና ሶማሊያን ለቀቀች፣ የኢትዮጵያን ነፃነትና ሉዓላዊነት ለማክበር ግዴታ ገባች፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳም ተቆረጠባት። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ጥያቄ ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ስለ ነበር፣ የተፈቀደው ገንዘብ ከደረሰው ጥፋት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

በእኔ እምነት ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው አንቀጽ 38 ነው። ጣሊያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ ተጠያቂነቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢቆጠር ኖሮ ያለፉት የወረራ ዓመታት ከሒሳብ ውጭ በቀሩ ነበር። አንቀጹ ግን ጣሊያንና ዜጎቿ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ድርጊት ኃላፊነታቸው ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ወረራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እንዲቆጠር አደረገ። ይህ ለጎጃም ትልቅ ነገር ነው። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው የተዋጉት፣ ገበሬውም በአውሮፕላን የተደበደበውና ቤቱ የተቃጠለበት፣ በአብዛኛው ጣሊያን የዓለሙን ጦርነት ከመቀላቀሏ በፊት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ፣ ጠላት ከምሽጉ ብዙም እንዳይርቅ ያደረገው የእነዚህ ዓመታት ተጋድሎ ነበር። ወራሪው ሽፍታ እያለ የሚያሳድደው አርበኛ፣ ውሉ ካስቀመጠው ቀን አንጻር ሲታይ፣ ያልተቋረጠ ጦርነት ተዋጊ ነው።

አፈጻጸሙ ከቃሉ እጅግ ያነሰ ሆነ። የካሳው ጉዳይ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ በ1948 ዓ.ም. በተደረገ ሌላ ስምምነት ከ25 ሚሊዮኑ ባነሰ ገንዘብ ተቋጨ፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ ነው። አንቀጽ 37 ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ቅርሶች፣ ንዋያተ ቅድሳትና ሰነዶች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዝ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተጋዘው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። የጦር ወንጀለኞችን የሚመለከተው አንቀጽ ደግሞ ፈጽሞ አልሠራም። ኢትዮጵያ ለፍርድ ከፈለገቻቸው መኮንኖች አንድም ተላልፎ አልተሰጣትም፤ ግራዚያኒም በአገሩ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያውያን ላይ በፈጸመው ግፍ አልነበረም።