የአዲስ አበባ ሰፈር፤ ጡሩንባው፣ ቡናውና ደመራው

አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት የሚያውቀው ክፍለ ከተማንና ወረዳን ነው። ነዋሪው የሚያውቀው ሰፈርን ነው። ታክሲ ውስጥ «ወረዳ 8 ወራጅ አለ» የሚል ሰው አይገኝም። «ጌጃ ሰፈር ጋ ወራጅ» ይላል እንጂ። ሰው ሲተዋወቅም መጀመሪያ የሚጠያየቀው «ሰፈርህ የት ነው?» ብሎ ነው። ሰፈር የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያሳይ ሰሌዳ ግን የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰፈር ማለት አንድ ጉዳይ ሲሆን የሚጠሩህ ሰዎች ያሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሰፈርን ለመረዳት ወሬ በውስጡ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ይጠቅማል።

ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ይዘዋል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየጉብታው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ከዚሁ ከመስፈር የመጣ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር የባለቤቶቻቸውን ስም እንደያዙ ቀሩ። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥት ባለሙያዎች የሠፈሩበት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሌሎች ስሞች ተጨመሩ። ካዛንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻረ ስም የመጣ ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ የጣሊያንኛ ስም ነው። ጨርቆስና ቀጨኔ መድኃኔዓለም ደግሞ በደብራቸው ይጠራሉ።

ድሮ የመንግሥት ወሬ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ «አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ!» ይባላል፤ ገበያ የወጣው ሰው ሰምቶ ወደ ቤቱ ያደርሳል። የሰፈር ወሬ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልገው ነበር። ከየገጠሩ የመጣ ሰው አጠገቡ ዘመድ የለውም። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ቤተሰቡ ማን አለው? ዕድር የዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው በከተማ ውስጥ የተስፋፋው።

ዕድር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለቀብር በሚሰጠው ገንዘብ ነው። እኔ ግን ከገንዘቡ በፊት የሚመጣው መጥራቱ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሌሊት ያርፋል እንበል። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስነግረው ለዕድሩ ዳኛ ወይም ለጸሐፊው ነው። ንጋት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጡሩንባ ይነፋል። ለፋፊው በየመንገዱ እየቆመ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራል። አልጋው ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። «ማነው? ማነው?» ይባባላል። ከዚያ ሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው ይጠይቃል፤ ሱቅ የሚዘጋው ይዘጋል። ጥቁር ነጠላ ከቁም ሳጥን ይወጣል።

ድንኳኑ ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሩ ዕቃ ቤት አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጀበና ተቆጥሮ ይወጣል፤ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለ ይከፈላል። ወጣቶች ድንኳን ይተክላሉ። የሴቶች ዕድር ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቆማል፤ እንጀራው፣ ወጡና ቡናው በሱ በኩል ነው። ለቅሶ ቤት ማደርም በተራ ነው። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ይህ ቅጣት ለውጭ ሰው ይከብደው ይሆናል። ነገር ግን ገንዘብ ብቻ ከፍሎ አለመምጣት እንዳይለመድ የሚያደርገው እሱ ነው። ሀብታሙም ደሃውም እኩል ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላል፤ ለሁሉም የሚነፋው ጡሩንባ፣ የሚተከለውም ድንኳን አንድ ነው። በብዙ ዕድሮች ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው አባል ናቸው። የሰፈር ዕድር አለ፤ የመሥሪያ ቤት ዕድርም አለ። አንድ ቤተሰብ የሁለትና የሦስት ዕድር አባል ሆኖ ማየት የተለመደ ነው።

የዕድር ስብሰባ በአብዛኛው እሁድ ጠዋት ነው። እዚያ የሚነሳው የቀብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ቱቦ፣ የጠፋ የመንገድ መብራት፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ትምህርት ቤት መግቢያ ያጣ ልጅ ሁሉ ይነሳል። ኤች አይ ቪ ብዙ ወላጆችን በወሰደባቸው ዓመታት ወላጅ አልባ ልጆችንና ሕሙማንን መደገፍ የጀመሩ ዕድሮች ነበሩ። በ2012 ኮሮና ገብቶ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ ድንኳኑ ዕቃ ቤት ቀረ፤ ሰው ለቅሶውን በስልክ ደረሰ። ያን ጊዜ የነበረው ሐዘን ዛሬም ድረስ ልቡ ውስጥ ያደረበት ብዙ ሰው አለ።

ጡሩንባ የሚነፋው ለከባዱ ነገር ነው። ቀለል ያለው ወሬ በቡና በኩል ይሄዳል። አንዷ ቤት ቡና ይቆላል፤ «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ ልጅ ይላካል። በአቦል የልጆችና የጤና ነገር ይነሳል። በቶና የኑሮ ውድነቱ ይመጣል። እስከ በረካ ድረስ ማን እንደታጨች፣ ማን ቤት እንደሚያከራይ፣ ማን ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የማን ልጅ ማትሪክ እንዳለፈ ይታወቃል። ይህን «ሐሜት» ብለው የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከወለደች ጀምሮ ከቤት ያልወጣች አራስ አጥሚት የሚደርሳት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እትዬ ሁለት ቀን እንዳልታዩ የሚታወቀው በዚያው ቡና ላይ ነው።

ቀበሌ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ መዋቅሩና ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አሁን ሥራውን የሚሠራው ወረዳው ነው፤ ሰው ግን እስካሁን «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ይላል። የቀበሌ ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል፤ አስቸኳይ ሲሆን መኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ ይለፈፋል። ክትባት፣ የጽዳት ዘመቻ፣ ስብሰባ፣ መታወቂያ እድሳት በዚህ መንገድ ይነገራል። ከሁሉ ፈጥኖ የሚሮጠው ግን የሸማቾች ሱቅ ወሬ ነው። «ዘይት ገብቷል» ከተባለ በደቂቃዎች ውስጥ ሰልፉ ይረዝማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮችም «ውሃ መጣች!» የሚል ድምፅ ከግቢ ግቢ ይተላለፋል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ጎረቤት ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። በርሜል የሞላለት ሰው ለዚያ ድምፅ ያለውን ምስጋና የሰፈር ልጅ ያውቀዋል።

በዓል ሲመጣ ሰፈሩ ራሱ ዝግጅት ይሆናል። ነሐሴ 12 አመሻሽ ላይ ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው «ሆያ ሆዬ» እያሉ በር ያንኳኳሉ፤ ሙልሙል ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ለአዲስ ዓመት ሴቶች ልጆች አደይ ይዘው «አበባየሆሽ» ይላሉ። መስከረም 16 ትልቁ ደመራ መስቀል አደባባይ ላይ ነው። የየሰፈሩ ደመራ ግን ማታ በየደጁ ይበራል። እንጨቱን የሚገዙት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ቀደም ብለው ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ያዋጣሉ፤ ማን ስንት እንደሰጠ ይጻፋል። ጥር 10 ከተራ ሲሆን እነዚሁ ወጣቶች መንገድ ይጠርጋሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ፤ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነጠፉና እየጠቀለሉ ይሮጣሉ። ፋሲካና ገና ላይ ቅርጫ አለ። ጎረቤቶች አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ማለዳ ታርዶ በመደብ ይከፋፈላል፤ መደቡም በዕጣ ይደርሳል። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ሳምቡሳ በሳህን ተሸፍኖ ወደ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሲሻገር፣ በፋሲካ ደግሞ ድፎ ዳቦው በተራው ወደዚያ ሲሄድ ማየት የዚህች ከተማ ትልቁ ጸጋ ነው።

ከ2011 ወዲህ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሁድ «መንገድ ለሰው» የሚባለው ቀን አለ። የተመረጡ መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ብስክሌት ይነዳሉ።

ኮንዶሚኒየም ይህን ሁሉ ለውጦታል፤ አላጠፋውም። ሰው በዕጣ ነው የሚደርሰው። በአንድ ፎቅ ላይ ከዚህ በፊት ተያይተው የማያውቁ አባወራዎች ይገናኛሉ። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ማኅበሩ ስለ ውሃ ፓምፕ፣ ስለ ደረጃ ጽዳትና ስለ ጥበቃ ይነጋገራል። ለማረጃና ለትልቅ ድግስ ምግብ መሥሪያ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ተሠርቷል። ነዋሪዎቹ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ዕድርም ያቋቁማሉ። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ጡሩንባ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደንብ ስለማይሰማ የሞት ማስታወቂያ መግቢያው ላይ ይለጠፋል፤ በቴሌግራምም ይላካል።

የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬ በብዙ ሰፈር አለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የጠፋ ልጅ ፎቶ በአምስት ደቂቃ ይሰራጫል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ቀብሩን በሰዓቱ ይሰማል። ውጭ ሀገር ያሉ የሰፈር ልጆችም ይገቡበታል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የድሮ ጎረቤት ለታመመ ሰው መዋጮ የሚልከው እዚያ አይቶ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎች መቅረታቸው ነው። ሰፈሩን ያቆሙት እነሱ ሆነው ሳለ የሰፈሩን ወሬ መጨረሻ የሚሰሙት እነሱ ከሆኑ ትልቅ በደል ነው። ጡሩንባውን ከቴሌግራሙ ጋር አብረው የያዙ ዕድሮች ትክክለኛውን አድርገዋል።

በ2016 እና በ2017 የኮሪደር ልማት ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲደርስ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ነዋሪዎቹ በከተማዋ ዳር ወዳሉ የተለያዩ ቦታዎች ሄዱ። ቤት ሲፈርስ ምትክ ቤት ሊሰጥ ይችላል። የዕድር መዝገብ ግን ምትክ የለውም። በአንድ ጡሩንባ ይነሱ የነበሩ ሰዎች አሁን በሁለት ታክሲ የማይደራረሱበት ቦታ ናቸው። ከዚያም በፊት በልማት ከተነሱ ሰፈሮች የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የድሮ ዕድራቸውን አልለቀቁም። አዲሱ ቦታ ዕድር ገብተውም የቀድሞውን መዋጮ ይከፍላሉ። ሰው ሲሞት አንዱ ለአንዱ ይደውላል። በማለዳ ታክሲ ይዘው ድሮ ወደሚያውቁት ደብር ይመጣሉ፤ ስማቸው ሲጠራም «አቤት» ይላሉ።