አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ የሚመጣው የፍሬን ጩኸት ምንድን ነው?

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር፣ የቸርችልን ቁልቁለት እየወረዳችሁ ነው። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ሲጥጥ ይላል። እግረኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያያችኋል። የሚያናድደው ደግሞ ሸራው አዲስ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ሻጩን ይረግምና ሶማሌ ተራ ተመልሶ ሌላ ሸራ ይገዛል። አንዳንዴ እውነትም ፎርጂድ ደርሶት ይሆናል። በእኔ እምነት ግን ሸራው መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሸራው ሲገጠም በተዘለለው ሥራ ላይ ነው።

ጩኸቱ ንዝረት ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ብረት) ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋዋል፤ ሸራዎቹም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት ወገን ጨምቀው ይይዙታል። ሸራው ዲስኩን እኩል መያዝ ሲያቅተው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ይህ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ሲሆን ዲስኩ እንደ ቃጭል ይጮኻል። ስለዚህ የጩኸት ጥገና ማለት ይህ ንዝረት እንዳይነሳ፣ ከተነሳም እንዲታፈን ማድረግ ነው።

አሁን ጥድፊያ የበዛበት ጋራዥ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። መኪናው በክሪክ ይነሳል፣ ጎማው ይወልቃል፣ ካሊፐሩ ይፈታል። አሮጌው ሸራ ወጥቶ አዲሱ ይገባል፣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጎማው ይታሰራል፣ ሒሳብ ይከፈላል። አለቀ! ከሸራው ጀርባ የምትገባዋ ስስ ቆርቆሮ ግን ከአሮጌው ሸራ ጋር ተጥላ ሊሆን ይችላል። እሷ ናት ንዝረቱን የምታፍነው። የሸራው ጆሮዎች የሚቀመጡባቸው ትንንሽ ክሊፖችም ዝገትና አቧራ እንደጠገቡ ቀርተዋል። ሸራው እዚያ ላይ ካልተንሸራተተ ፔዳሉን ስትለቁት እንኳ ከዲስኩ በደንብ አይላቀቅም።

ካሊፐሩ ራሱ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። ወጥተው መጠረግና ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ መቀባት አለባቸው። የሸራው ጆሮና ጀርባም ስስ ቅብ ይፈልጋሉ። የሚይዘው ፊቱ ግን በፍጹም! ግራሶ ወይም የፍሬን ዘይት የነካው ሸራ ከጩኸቱም በላይ ፍሬኑን ያሳጣችኋል፤ መቀየር ነው ያለበት። አቧራውን ደግሞ በኮምፕረሰር አታስነፉ። አንዳንድ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። በፍሬን ማጽጃ ማርጠብ ይሻላል።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ፣ አሮጌው ሸራ ለዓመታት ሲበላው ፊቱ ይቦረቦራል፣ ጠርዙ ላይም ያልተበላ ከንፈር ይቀራል። ጠፍጣፋው አዲስ ሸራ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጫፉ ብቻ ይነካል፣ ይጮኻልም። ፊቱ መስታወት ከመሰለ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ይበቃዋል። ቦይ ካለው ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን ውፍረቱ ይለካ። ዝቅተኛው ልክ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በታች ከወረደ ቶርኖም አያድነው፤ አዲስ ግዙ።

የጩኸቱ ዓይነትም ብዙ ይናገራል። ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኾ የሚጠፋ ከሆነ እርሱት። ክረምት ላይ ሲዘንብበት ያደረ ዲስክ ስስ ዝገት ይይዛል፤ ሸራው ሲጠርገው ድምፁ ያበቃል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ይህን በብዛት ትሰሙ ይሆናል። ሞተሩ ራሱ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንሰው ዲስኩ ብዙም አይሠራም፣ ዝገቱም ይቆያል። ፍሬን ሳትይዙም ሲጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ሸራው ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ አስፈትሹ። ሥራዋ ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዲስኩን እየነካች ማስጠንቀቅ ነው። ሲገጠም ከተጣመመች በአዲስ ሸራም ትጮኻለች። ከዲስኩ ኋላ ያለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮም ጎበጥ ካለ፣ ወይም ጠጠር ከገባበት፣ እንዲሁ ያደርጋል።

ብረት ከብረት ሲፋጭ ዓይነት ክርርር ከሰማችሁ ግን ጥግ ያዙና አቁሙ። ሸራው ተገልብጦ፣ ብረቱ ወደ ዲስኩ ዞሮ የተገጠመበት ጊዜ አለ። የማይመስል ነገር ነው፣ ግን ይሆናል። ከአንዱ ጎማ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ ወይም እጃችሁን ሳትነኩት ጠጋ ስታደርጉ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ፣ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም የሚጮህ ከሆነ፣ የቀረው ማላመድ ነው። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪግባባ ከራሱ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ እኩል መለጠፍ አለበት። ይህ የሚሆነው ቀስ በቀስ ሲሞቅ ነው። እሑድ በማለዳ፣ ሜዳ በሆነና ጭር ባለ መንገድ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 10 እስክትወርዱ መካከለኛ አያያዝ ያዙ። ጨርሳችሁ አትቁሙ። ትንሽ እየነዳችሁ አስተንፍሱትና ድገሙት፤ ስምንት አሥር ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ፍሬን ሳታበዙ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። ቸርችልን እየወረዱ፣ ታክሲ ፊት ላይ ድንገት ሲቆም፣ ይህ አይሞከርም። በተለይ የጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጣችሁ ረጅም መብራት አትጠብቁ፤ ሽፋኑ አንድ ቦታ ይከማችና ፍሬኑ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። ሸራ ከተቀየረ በኋላ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ከጋራዡ ከመውጣታችሁ በፊት፣ መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉን ጠንከር እስኪል ደጋግማችሁ ርገጡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጩኸቱ ከቀጠለ፣ ያኔ ሸራውን ጠርጥሩ። ብረት የበዛበት ደረቅ ሸራ ሙቀት ይችላል፣ ግን ይጮኻል። ለከተማ መንዳት ሴራሚክ የሚባለው ዝም ይላል፣ ብናኙም ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ስትገዙ ለግራውም ለቀኙም ጎማ ይሁን፤ በአንድ ወገን ብቻ ከቀየራችሁ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊጎትታችሁ ይችላል።