የሰሜን ሸዋ የመምህርነት ትውፊት

ሰሜን ሸዋ ዛሬ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች የሚገኙ ሁለት ዞኖች የሚጋሩት ስም ነው። በትምህርት ታሪክ ግን ከቡልጋ እስከ ሰላሌ፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር ያለው አገር እንደ አንድ ጉባኤ ሊታይ ይችላል። ይህ ዳሰሳ የአካባቢውን ቀደምት መምህራን ያነሣል፤ በተለይም የዛሬው መምህር ከእነርሱ የሚወርሰውን የማስተማር ስልት ይመለከታል።

የትውፊቱ ምንጭ በ13ኛው መቶ ዓመት ደብረ አስቦን፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ጻድቁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ፣ በደብረ ዳሞም ከአባ ዮሐኒ ዘንድ እንደተማሩ ይነገራል። ማን ማንን አመነኮሰ በሚለው ላይ የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ትውፊቶች አይስማሙም። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግን ወንጌልን ይዘው በየአገሩ መሰማራታቸው የታወቀ ነው፤ የገዳሙ አለቃ እጨጌም ለዘመናት የመነኮሳት ሁሉ የበላይ ሆኖ ኖሯል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ። በ16ኛው መቶ ዓመት ደብረ ሊባኖስ በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተቃጠለ፤ በኋላ ግን ዳግም ተቋቋመ።

ስልቱን በቅርብ ለማየት ከንባብ ቤት መጀመር ይበጃል። ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከ«ሀ ሁ» ይነሣል። ይህን እንደ ዜማ ሸምድዶት ሊሆን ስለሚችል የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ እዚያ ቅደም ተከተሉ ይለወጣልና የሸመደደው ከለየው ይታወቃል። ዛሬ ተማሪው ገብቶት እንደሆነ ለመመዘን ብዙ ወረቀት ይባክናል፤ የኔታ ግን በአንድ ገበታ ይጨርሱት ነበር። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌለ ዮሐንስና ዳዊት ይቀጥላሉ።

ቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ይነሣና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ተማሪው በየጥሻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሳተውን ያርማሉ። የአንዱ ስሕተት ሌላውን ስለሚያስተምር እርማቱን ጉባኤው ይሰማዋል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። ክፍሉ በተማሪ ብዛት የተጨናነቀበት የዛሬ መምህር ሊቀዳው የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስላል። ሁሉንም ብቻውን ከማስተማር ይልቅ የቀደሙትን ለኋለኞቹ መምህር ማድረግ ወጪም አይጠይቅም።

ሌላው ውርስ አደራ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተዉላቸው። አለቃም ዕድሜያቸውን ከፈጁበት በኋላ ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ደስታ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ኪዳነ ወልድም ደስታም የሸዋ ልጆች መሆናቸውን እዚህ መጥቀስ ተገቢ ነው። የመምህሩን ስም ሳይሰርዝ ሥራውን የሚፈጽም ተማሪ ማፍራት በየትኛውም የሥልጠና መመሪያ ውስጥ ጎልቶ አይታይም።

በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱም ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ተገደሉ። የኢጣሊያ ሰነድ 449 ሰዎች ይላል፤ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሱታል። የሞተው ሰው ብቻ አልነበረም፤ በቃል የተያዘ ትምህርትም አብሮ ጠፍቷል።

ሁሉም ይወረስ ማለት አይደለም። አርጩሜው መቅረቱ መልካም ነው። ጉባኤው ለሴት ልጅ ጠባብ እንደነበረም መካድ አይቻልም፤ በዚህ ረገድ የቅኔዋን መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያፈራው ጎጃም ይቀድማል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባለበት ዞን፣ ዛሬ የአብነት ተማሪም ኮሮጆውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የዩኒቨርሲቲውና የአብነቱ መምህራን እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መድረክ ግን እምብዛም የለም።